ቆሞ የተለካ ገመድ

ባሌ ጀልባ መግዛቱን የነገረኝ ከገዛ በኋላ ነው። ጠዋት «ገበር ጨርቅ አልቋል፣ ገዝቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ገበሩን ሳይዝ፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ ፈክቶ ተመለሰ። «አራት ሜትር ከአስር ሳንቲም ነው ርዝመቷ» አለኝ። የመጋረጃ ጨርቅ ያየ መስሎኝ «ቀለሙስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አረንጓዴ። ሁለት መቅዘፊያም አላት» ሲለኝ ነው ነገሩ የገባኝ።

ሰው ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ብዙ ዓይነት አመል ሊያወጣ እንደሚችል አውቃለሁ። አንዱ እርግብ ያረባል፣ አንዱ ፀጉሩን ጥቁር ይቀባል። ስለዚህ እንደ ብልህ ሴት ዝም አልኩ። ብልህነቴ የቆየው እስከ እራት ድረስ ነው።

«ለምንህ ነው?» አልኩት።

«ቁጭ ለማለት።»

«ቤት ውስጥ ወንበር ጠፍቶ ነው?»

«ወንበርስ ሞልቷል» አለና ሾርባውን መጠጣት ቀጠለ።

እኛ ልብስ ሰፊዎች ነን። እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፤ እኔ እሰፋለሁ፣ ያጠረውን አስረዝማለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። ሱቃችን የቤታችን የፊት ክፍል ነው። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ጀርባ ያለው መጋረጃ ሲገለጥ ሶፋችን፣ ምግብ ጠረጴዛችንና እኛ እንታያለን። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ አንዲትም ቀን ከመሀል ሳንነሳ ምሳ በልተን አናውቅም። ማንኪያው አፋችን ጋ ሳይደርስ በሩ ይንኳኳል። «ቁልፍ ብቻ ነው፣ አንድ ደቂቃ» ይላል የሚያንኳኳው። እሑድም ያው ነው፣ የታመምን ቀንም ያው ነው።

ባሌን የሰፈሩ ሰው «ሚሊሜትር» ይለዋል። ፊት ለፊቱ ነው የሚሉት፤ እሱም ይኮራበታል። ትርፍ የሚባል ነገር ጠላቱ ነው። ትርፍ ጨርቅ፣ ትርፍ ክር፣ ትርፍ ወሬ ሲያይ ያንገበግበዋል። ሻይ ሲቀዳ እንኳ ከብርጭቆው አፍ ግማሽ ጣት ዝቅ አድርጎ ያቆማል፣ ሁልጊዜም ያችኑ ግማሽ ጣት። እንዲህ ያለ ሰው ውሃ ላይ ምን ሊሠራ እንደሚሄድ እግዜሩም ግራ ሳይገባው አልቀረም።

ጀልባዋን የሸጠለት ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው። መቅዘፊያውን ሰጠው፣ ውሃ መቅጃ ጣሳውን ሰጠው፣ መልሕቁን ግን «ለበር መደገፊያ ለምጄዋለሁ» ብሎ አስቀረው። የመከራችን ሁሉ መነሻ ይቺ ናት። ጀልባ ያለ መልሕቅ ቁጭ አይልም፤ ባሌ ደግሞ የገዛት ቁጭ ለማለት ነው።

ወንድሜ በያጅ ነው። ጋራዡ ከእኛ ሦስት መንገድ ዝቅ ብሎ ነው፤ ከበሩ እስከ ጓሮው ቁርጥራጭ ብረት የተከመረበት፣ ሰው የሚገባው በጎኑ ብቻ የሆነ ቦታ። ባሌ መልሕቅ እንደሚፈልግ ሲነግረው ወንድሜ ክምሩን ሲበረብር ቆየና አንድ የዛገ ነገር ጎትቶ አወጣ። ሁለት ሰፋፊ የብረት ምላሶች አሉት፣ ምላሶቹ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋሉ።

«ይኸው ጋሼ፣ የጀልባ ነው። መቼ እንደመጣ እንጃ እንጂ ደህና ነው።»

ባሌ በአንድ እጁ አነሳው። «ይሄማ የኮት መስቀያ ነው» አለ። «ጀልባ የሚይዝ ነገር ክብደት ሊኖረው ይገባል።»

«እንዲያው ውሃ ውስጥ ሞክረው እስቲ።»

«የሚመዝነውን በእጄ አውቄዋለሁ፣ ውሃ ምን ይጨምርበታል?»

ቤት መጥቶ ዓይኑን በጨው አጥቦ አሮጌዋን የስፌት መኪናዬን ራስ ፈታት። በእግር የምትረገጠዋ ናት፤ መጀመሪያ የገዛናት፣ አሁን የአበባ ማሰሮ የምሸከምባት። «አታደርገውም» አልኩት። አደረገው። ከዚያ ሦስት የልብስ ሜትሮችን ጫፍ ለጫፍ ሰፍቶ፣ ከታች መቀስ አንጠልጥሎበት፣ ቀዝፎ ሄዶ ሐይቁን ለካው። ከውሃ ማጣሪያው የፓምፕ ቤት ፊት ለፊት፣ ቁጭ ሊልበት በመረጠው ቦታ፣ ጥልቀቱ አራት ሜትር ከሠላሳ ሁለት ሳንቲም ሆነ። ለጀልባዋ ጎን አርባ ሳንቲም፣ ለቋጠሮ አስር ሳንቲም ጨመረ። የገመድ ሻጩ ሙሉ ጥቅል ሲያወርድለት «አራት ከሰማንያ ሁለት ቁረጥልኝ» አለው። ሻጩ ባሌን ትቶ እኔን ነበር የሚያየው። የማላውቀው ሰው መስዬ ቆምኩ።

የመጀመሪያው ቀን ቀለል ያለ ነፋስ ነበረው። ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዘን ወጣን። ባሌ የመኪናዬን ራስ እንደ ሕፃን አቅፎ ቀስ ብሎ አወረዳት። ገመዱ ቀጥ ብሎ ቆመ። «አየሽ፣ ልክክ ብሏል» አለኝ። እኔም ልክክ ማለቱን አምኜ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብዬ ተቀመጥኩና እንቁላሌን መላጥ ጀመርኩ።

ሁለተኛውን እንቁላል ስጎርስ ከጀርባዬ «እባካችሁ ከፎቶው ውጡልን» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል ሙሽሪት፣ ሙሽራውና ፎቶ አንሺው ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል ወደ ውሃው የዘረጋው የእንጨት ድልድይ ላይ ቆመዋል፤ እኛ ደግሞ እግራቸው ሥር ነን። የፓምፑ ቤት ከሩቅ የክብሪት ቀፎ አክሏል። ለካስ ጀልባዋ የስፌት መኪናዬን እየጎተተች ስትንሸራሸር ነው የዋለችው።

ሌላ ሰው ቢሆን በአፍረት ውሃ ውስጥ ይገባ ነበር። ባሌ ግን ሙሽራውን አተኩሮ አየና «የግራ ትከሻህ ሁለት ሚሊ ወርዷል፣ ማን ነው የሰፋልህ?» አለው። ሊያስተካክልለትም ብድግ አለ። ጀልባዋ ስትዋልል ቀበቶውን ይዤ ባላስቀምጠው ኖሮ ሠርጉ ወደ ሌላ ነገር ይለወጥ ነበር። እንደሰማሁት ያ ፎቶ ተሠርቶ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል፤ እኔ ከነእንቁላሌ አለሁበት።

«ክብደት ነው የጎደላት» አለ ባሌ። በዚያ ሳምንት የቀለም ባልዲ ሙሉ ሲሚንቶ አቡክቶ፣ ወንድሜ መሀሉ ላይ የብረት ቀለበት ተክሎበት፣ ሲደርቅ ለሁለት ተሸክመውት ሄዱ። ጀልባዋ ባልዲው ወዳለበት ጎን አጋደለች። ገመዱ ያው አራት ከሰማንያ ሁለት ነው። ጫፉ እንዳይተረተር በሰም ክር ሰፍቶታል፤ አምሮበት ነበር፣ አልዋሽም።

ያን ቀን ማዕበል ነበረ። ማዕበሉ በመጣ ቁጥር ጀልባዋ ከፍ ልበል ስትል ገመዱ አፍንጫዋን ይዞ ወደ ታች ይጎትታታል፤ ውሃው በላይዋ ላይ ገብቶ ጭኔ ላይ ያርፋል። እኔ በሻይ ስኒ ውሃ እቀዳለሁ፣ ባሌ «ይዟል፣ ይዟል» ይላል። ባልዲው ግን ከሥር ዝላይ ጀምሯል። አንዴ ዱብ፣ አንዴ ዱብ እያለ ከእኛ ጋር ተጓዘና ቄጠማው ውስጥ ከተተን። ቄጠማው እንዳያስወጣን ያዘን፤ ማዕበሉ እንዳያስቀምጠን ያናውጠናል። ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች።

ያወጣን የከተማው የጥርስ ሐኪም ነው። ቤቱ ሐይቁ ዳር ነው፤ ከበረንዳው አይቶን ሱሪውን ጠቅልሎ መጣና እኔን አዝሎ ጭቃውን አሻገረኝ። ጀርባው ላይ ሆኜ ስጮህ አፌን በደንብ ሳያየው አልቀረም። መሬት ሲያወርደኝ «የላይኛው መንጋጋ ጥርስዎ መሞላት አለበት» አለኝ። ከዚያ ወደ ጀልባዋ ዞሮ፣ «እንግዲህ ይቺን የምትሸጧት ከሆነ እኔ ነኝ ገዢው» አለ።

«አትሸጥም» አለ ባሌ።

«ትሸጣለች» አልኩ እኔ።

ቤት ስንደርስ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ፍርዴን ተናገርኩ። ጀልባዋ ነፋስ ባለበት ቀን፣ ካቆምናት ቦታ ሳትነቃነቅ አንድ ሰዓት ሙሉ ከቆመች ትኑር። ከተነቃነቀች ሐኪሙ ይውሰዳት። ዳኛዋ እኔ ነኝ። እኔ የደንበኛ ልብስ ሳይ «ምንም አይልም» የምል ሴት አይደለሁም። ለገዛ እህቴ የሠርግ ቀሚስ «እጅጌው ያስጠላል» ያልኩት ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነው። ባሌም ያየሁትን እንደማልደብቅ ስለሚያውቅ እሺ አለ። እሺ ሲል ድምፁ ስለቀነሰ ትንሽ አሳዘነኝ፤ ግን እርጥብ ነበርኩና ቶሎ ተውኩት።

አሁን ወንድሜ ነገሩን የክብር ጉዳይ አደረገው። በፌሮ ብረት ስድስት መንጠቆ ያለው መልሕቅ ሠራ፤ ተገልብጦ ሲቀመጥ ጃንጥላ ይመስላል። ሐይቅ ከመሄዳችን በፊት ጓሮው ውስጥ እንሞክረው ተባለ። ሃያ ሜትር ገመዱን ከመኪና መጎተቻው ላይ ፈትቶ አሰረበት፣ መንጠቆውን መሬት ላይ ጣለው፣ ባሌና እሱ ከግቢው ሌላ ጫፍ ሆነው መጎተት ጀመሩ። መንጠቆው መሬቱን ነከሰ። ጎተቱ፣ አልሄደም። የወንድሜ ቀበቶ ተበጠሰ፣ አሁንም አልሄደም።

«ጋሼ፣ ይሄ መርከብ ያቆማል» አለ ወንድሜ ሱሪውን በእጁ ይዞ።

ባሌ ደስታውን መሸፈን አቃተው። ከሃያ ሜትሩ ገመድ ፈታውና የራሱን አራት ከሰማንያ ሁለት አሰረበት። ያን ጊዜ የሆነ ነገር ቅር አለኝ፤ ምን እንደሆነ ግን ሊመጣልኝ አልቻለም።

ሐይቁ ላይ መርከብ የሚያቆመው ጃንጥላ እንደ ታዛዥ በግ ተከተለን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሐኪሙ በረንዳ ፊት ለፊት ደረስን። እሱም ከነሻዩ ተነስቶ በትህትና ሰላም አለን። መልሕቁን ስናወጣው ጭቃ፣ አረምና አንድ የወንድ ቦት ጫማ ይዞ መጣ። ባሌ ቦቱን ገልብጦ ሶሉን አየ። «አርባ ሁለት ቁጥር» አለ። ቅስሙ ተሰብሯል። ያ ሙከራ ብቻ ስለሆነ አልቆጠርኩበትም፤ ዋናው ቀን የሚመጣው ቅዳሜ ነበር።

ማክሰኞ ምሳ ላይ በሩ ተንኳኳ። የጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ነጭ ጨርቅ በክንዱ ይዟል። ነጭ ሱሪ ይሰፋለት ዘንድ መጥቷል። «ለጀልባ የሚሆን» አለ። እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም። ባሌ ግን ሙያ ነውና ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ፊቱ እንደ ለቀስተኛ ጠቁሮ ለካው። ሐሙስ ዕለት ለማየት ተመልሶ መጣ። ሲቆም ሱሪው ጫማው ላይ እንደ ተቀባ ሆኖ አርፏል፤ አንድ ሽብሽብ የለውም። ባሌ ሲያየው እንኳ ትንሽ ፊቱ ፈታ አለ።

«ልቀመጥበት?» አለ ሐኪሙ፤ ተቀመጠ።

ሱሪው እስከ ባቱ ወጣ።

ይሄ የእኔና የባሌ የሠላሳ አንድ ዓመት ጭቅጭቅ ነው። እሱ ሰውን አቁሞ ይለካል፤ ልብስ የሚታየው ሰው ሲቆም ነው ይላል። እኔ ደግሞ ሰው የሚውለው ተቀምጦ ነው እላለሁ። የሚያጥረውን ሁሉ እየፈታሁ የምለቅ እኔ ነኝና ነገሩን በጣቴ አውቀዋለሁ። መርፌዬን ከንፈሬ ላይ ይዤ የሐኪሙን ባዶ ባት እያየሁ ሳለ ጓሮ ውስጥ ቅር ያለኝ ነገር ፊቴ ላይ መጣ። መርፌውን አወጣሁ።

«አንተ፣ ሐይቁን ስትለካው ቆሞ ነበር ተቀምጦ?»

«ሐይቅ ይቀመጣል እንዴ?»

«ማዕበል ሲመጣ ጀልባዋ ከፍ አትልም? ከፍ ስትል ገመዱ ከየት ያምጣ? ትርፍ የለውም። እንደዚህ ሰውዬ ሱሪ ሽቅብ ይሄዳል፣ መልሕቁንም ይዞት ይነሳል። ሽቅብ የተነሳ መልሕቅ ምን ይነክሳል?»

«ጓሮ ውስጥ ይዞ ነበር።»

«ጓሮ ውስጥ የጎተታችሁት በሃያ ሜትር ነው። ገመዱ መሬት ለመሬት ተኝቶ ነበር፣ በጎን ነው የጎተታችሁት። በአራት ሜትሩ ስትጎትተው ግን ከጭንቅላቱ ላይ ቆመህ እንደ መንቀል ነው።»

ባሌ የካፖርት መስቀያ አንስቶ መንጠቆውን ምንጣፉ ላይ አጋደመ፣ ሜትሩን አሰረበት። ከላይ ሆኖ ሳበው፤ ተነስቶ መጣ። ከዚያ እስከ በሩ ድረስ ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከዝቅታ ሳበው። መንጠቆው ምንጣፉን ነክሶ ቀረ። ደግሞ ሞከረው። ሦስት ጊዜ ሞከረውና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ስንት ትርፍ ይፈልጋል?» አለ ቀስ ብሎ።

«እንደ ጓሮው ከሆነ አራት አምስት እጥፍ።»

ፊቱ ነጣ። «ለአራት ሜትር ውሃ ሃያ ምናምን ሜትር ገመድ? ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔ ልነሳ?» አለ የጥርስ ሐኪሙ። በስፒል እንደተወጋጋ ረስተነው ነበር።

ማታውኑ ወንድሜን ጠራነው፤ እሱም ደግሞ የራሱን ምክንያት አመጣ። ችግሩ ገመዱ ብቻ አይደለም አለ፤ ጓሮው ደረቅ መሬት ነው፣ ሐይቁ ጭቃ ነው። አንድ ሳፋ ጭቃ ቀላቅሎ ማዕድ ቤቴ መሀል አስቀመጠውና ሹካ አስገብቶ ጎተተበት። ሹካው ጭቃውን እንደ ፀጉር አበጥሮት ወጣ። ቀጥሎ ማንኪያ ሲጎትትበት ማንኪያው እየቆፈረ ገባ፣ ገባና ሳፋው ራሱ ተንቀሳቀሰ። ስድስት መንጠቆው ሹካ ነው፤ መጀመሪያ ያመጣው ባለ ሁለት ምላሱ ማንኪያ ነው። ባሌ «የኮት መስቀያው?» አለ። ወንድሜ «የኮት መስቀያው፣ ጋሼ» አለ። ሁለቱም ሳይሳሳቁ ቀሩ፤ እኔ ግን ሳቄን መዋጥ አቅቶኝ ወደ ጓዳ ሄድኩ። ማንኪያዬን እስካሁን አልመለሱልኝም።

ወንድሜ ዝገቱን ጠርጎ፣ ገመዱ ጭቃው ላይ እንዲተኛ ከመልሕቁ አንገት ላይ ሁለት ሜትር ወፍራም ሰንሰለት በየደበት። ገመድ ልንገዛ ስንሄድ ባሌ ሌሊቱን ሲያሰላ አድሮ ነበር። ቋጠሮውን ሳይቆጥር፣ አምስት ጊዜ አራት ከሰባ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ከስልሳ። ሻጩን «ሠላሳ አድርገው» አልኩት። ባሌ ክፉኛ አየኝ። ሃያ ሦስት ከስልሳው ላይ በቀይ ክር ምልክት ሰፋበት፤ ከዚያ ያለፈው ስድስት ሜትር ከአርባ ተጠቅልሎ እግሬ ሥር እንዲቀመጥ፣ ለዓይኑም እንዳይታይ አዘዘ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ነበር። ሐኪሙ ነጭ ሱሪውን ለብሶ፣ ሱሪውን እኔ አራት ጣት ለቅቄለታለሁ፣ ተጣጣፊ ወንበሩን ዳር ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። የራሱን ትራስ ሳይቀር ይዞ መጥቷል፤ ከድሉ በኋላ የሚቀመጥበት መሆን አለበት። ባሌ መልሕቁን ለቀቀ። ጀልባዋ ወደ ኋላ ሄደች፣ ሄደች፤ ገመዱ በሰያፍ እየተለቀቀ ቀዩ ክር ደረሰና አሰረው። ጀልባዋ አንዴ ነጠር ብላ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዞረች። ቆመች።

እኔ ዳኛ ነኝና ምልክቴን ያዝኩ። የፓምፑ ቤት በርና ከኋላው ያለው ረጅም ዛፍ ገጥመዋል። ዛፉ ከበሩ ወጣ ካለ ተንቀሳቅሰናል ማለት ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአስር።

የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ባሌ ዛፉን፣ እኔን፣ ገመዱን እያየ አሳለፈ። ማዕበል ሲመጣ ጀልባዋ ከፍ ትላለች፣ ገመዱ ትንሽ ይሳባል፣ መልሶ ይረግባል። አፍንጫዋን የሚጎትት የለም፣ ጭኔ ላይ የሚያርፍ ውሃም የለም። ሻይ ቀዳሁለት። ጠጣው። እንቁላል ላጥኩለት፤ በላው። ሌላም ላጥኩለት። ሁለታችንም ከመሀል ሳንነሳ በልተን ጨረስን።

«ሰማሽ?» አለኝ።

አዳመጥኩ። «ምንም አልሰማሁም።»

«እኮ» አለ። «ማንም አያንኳኳም። እዚህ መጥቶ ቁልፍ ብቻ ነው የሚል የለም። እኔ ጀልባ የፈለግሁት ለጀልባነቷ አይደለም። ካንቺ ጋር አንድ ጊዜ ሳልነሳ ልቀመጥ ብዬ ነው።»

ይሄን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ብሎኝ አያውቅም። «ዳቦ ጨምር» አልኩት። ዳቦውን እንደያዘ ጭንቅላቱን ጎኔ ላይ አሳረፈ። ትንሽ ቆይቶ ተኛ። ባሌ ቀን ሲተኛ አይቼ አላውቅም። አፉን ከፍቶ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ እንደ ሕፃን ነው የተኛው። አንጀቴን በላው። ይሄ ሰው ሊቀመጥ ፈልጎ ስንት ብረት ተሸከመ፣ እኔም ስንት ቀን አሾፍኩበት።

አርባ አምስት ደቂቃ ላይ ነፋሱ በረታ። ገመዱ ተወጥሮ ድምፅ ማውጣት ጀመረ። ዛፉን አየሁ። ከበሩ ጠርዝ ትንሽ ወጥቷል። የዓይኔ ነው ብዬ ጨፍኜ ገለጥኩ። እንዲያውም ሙሉ ግንዱ ወጣ። ቀስ እያልን እየሄድን ነበር።

ዳር ላይ ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሳ። አይቷል። እኔም አይቻለሁ፤ ፍርዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እንዲህ ያለውን ነገር አይቼ ያለፍኩበት ቀን የለም። ባሌ ጎኔ ላይ ያንኮራፋል።

እግሬ ሥር ያለውን ጥቅል ሳብኩ። እንዳልቀሰቅሰው በአንድ እጄ ቋጠሮውን ፈታሁና ገመዱን ለቀቅሁት። ቀዩ ክር ከእጄ አልፎ ውሃ ውስጥ ገባ። አንድ ሜትር፣ ሁለት ሜትር፣ እስከ መጨረሻው ስድስት ከአርባ ድረስ ለቅቄ ጫፉን መልሼ አሰርኩት። ጀልባዋ ወደ ኋላ ሄደች። ከዚያ ከሩቅ፣ ከጭቃው ውስጥ፣ መልሕቁ ሲነክስ በገመዱ በኩል መዳፌ ላይ ተሰማኝ። ነጠር አለች፤ ቆመች። ዛፉ ከቤቱ ወዲያ ማዶ ብቻውን ቆሟል።

አስር ሰዓት ከአስር ሲል ሐኪሙ እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ተጣራ።

«ሰዓቱ ሞልቷል። ተነቃነቀች አይደል?»

«አልተነቃነቀችም» አልኩ።

«የፓምፑ ቤት ፊት ለፊት ነበራችሁ እኮ። አሁን የት ናችሁ?»

«እኛ ያለንበት ነን። ቤቱ ይሆናል የሄደው፣ ዶክተር።»

ሐኪሙ ዞሮ የፓምፑን ቤት አየው። ቆይቶ አየው። ከዚያ ወንበሩን አጠፈ፣ ትራሱን በብብቱ አደረገ፣ በነጩ ሱሪው ወደ ቤቱ ሄደ።

ባሌ በጭላንጭል ዓይኑን ገለጠ። «ሰዓቱ ሞላ?» አለኝ።

ሰዓቴን አየሁ። ስድስት ደቂቃ አልፎ ነበር።

«ገና ነው» አልኩት። «ተኛ።»